ጋስኬት የቀየርኩበት ቅዳሜ

ግራ ጫማዬ ከቀኙ ይልቅ ይወዛል። ቆዳው ዘይት ጠጥቶ ለስልሷል፤ ቀለም የምቀባው ቀኙን ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ እግሬን ብቻ የምንከባከብበትን ምክንያት ሲጠይቁኝ ሞተር ሳይክሌን አሳያቸዋለሁ።

አር 80 ትባላለች። ቢኤምደብልዩ በርሊን ሽፓንዳው በሚገኘው ፋብሪካው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የሠራት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 797 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። ሲሊንደሮቿ ከነዳጅ ታንኩ ሥር አልተደበቁም። እጆቹን ዘርግቶ እንደሚጸልይ ሰው አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ወጥተው ይታያሉ። ማክስ ፍሪትስ በ1923 የወጣችውን አር 32 ሲነድፍ የመረጠው አቀማመጥ ነው፤ ሁለቱም ሲሊንደሮች ነፋሱን እኩል ያገኛሉ። ለእኔ ያለው ጥቅም ሌላ ነው፤ የቫልቮቹን ክዳን ለመክፈት ታንክ ማውረድም ሆነ ሌላ ነገር መንቀል አያስፈልግም፤ በርጩማ ስቦ መቀመጥ ይበቃል። ጉዳቱ ደግሞ ከሲሊንደሩ ጫፍ የሚያፈሰው ዘይት ማረፊያው የነጂው እግር መሆኑ ነው።

ጫማውን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ወረቀቱን ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ሞተር ሳይክሌን የማቆምበት ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ታየና፣ በማግስቱ የፖስታ ሣጥኔ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማስታወሻ ተለጥፎ አገኘሁ። ስድብ የለበትም፣ ቁጣ የለበትም። «የተከበሩ ጎረቤቴ» ብሎ ይጀምርና ዝናብ ዘይቱን ወደ ፍሳሽ መስመሩ ይዞት እንደሚሄድ አስረድቶ በመልካም ምኞት ያበቃል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከጩኸት ይብሳል። ጮሆ የሚመጣን ሰው ቡና አፍልቶ ማብረድ ይቻላል፤ ለወረቀት ምን ይፈላለታል? የድመት አሸዋ ገዝቼ ነጥቡ ላይ ነሰነስኩት፤ ዘይት መምጠጥ ይችልበታል። ድመት የለኝም፤ የሱፐርማርኬቱ ገንዘብ ተቀባይ ግን የድመቴን ስም ጠየቀችኝ።

በዚያ ላይ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ እየቀረበ ነበር። እዚህ አገር መርማሪው ባትሪ አብርቶ ከሞተሩ ሥር ያጎነብሳል፤ የሚንጠባጠብ ዘይት ካየ «አስጠግነሽ ተመለሺ» ነው።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ቤት ውለዋል፤ ዓይናቸውና ምላሳቸው ግን አልደከሙም። በቪዲዮ ደወልኩላቸውና ስልኩን ወደ ሞተሩ አዞርኩት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ፤ ከየት ነው የሚወጣው?»

«እኔ የማየው ጭቃ ነው። መጀመሪያ እጠቢው። የቆሸሸ ሞተር ውሸታም ነው።»

እውነታቸውን ነው። ዘይት ከወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም። ቁልቁል ይወርዳል፣ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን ተከትሎ ይሄድና ምንም በማያውቅ ብሎን ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያንን ምስኪን ያስወነጅለዋል። በዚህ ሞተር ላይ ግራና ቀኝ ያሉት ተጠርጣሪዎች ብዙ አይደሉም። አንዱ የሮከር ክዳኑ ጋስኬት ነው፤ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሮከሮች በሲሊንደሩ ጫፍ በአሉሚኒየም ክዳን ተሸፍነው ዘይት ውስጥ ሲራወጡ ይውላሉ፤ በክዳኑና በቴስታታው፣ ማለትም በሲሊንደሩ ራስ፣ መካከል ዘይት እንዳያልፍ የምታሽገው ያቺ ስስ የወረቀት ጋስኬት ብቻ ናት ያለችው። ሁለተኛው ከሲሊንደሩ ሥር የሚያልፉት ቱቦዎች ናቸው፤ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ በውስጣቸው ይመላለሳሉ፤ ከሞተሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ያለው ጎማ ሲደርቅ ያስለቅሳል። ሦስተኛው ሲሊንደሩ ራሱ ሞተሩ ላይ የተቀመጠበት ግርጌ ነው።

አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ከዚያ ሁለቱንም ጎን የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ትንሽ ነድቼ ስመለስ በግራው ክዳን የታችኛው ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ተሰምሯል። በቀኙም አለ፣ ግን የሳሳ ነው። ወንጀለኛው ታወቀ።

አጎቴ ግን አልረኩም። «መተንፈሻውን አይተሻል?» አሉኝ። ፒስተኖቹ ሲመላለሱ በቀለበቶቹ በኩል የሚያመልጠው ጋዝ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መውጫው ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን በደካማው ቦታ ሁሉ ያስወጣዋል። በተደፈነ መተንፈሻ ላይ አዲስ ጋስኬት መግጠም ከንቱ ድካም ነው። ከፍቼ አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። አጎቴ በመልሱ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሁለቱን ጋስኬቶች ያዘዝኩት ከድሮ ሞተር ሳይክሎች መለዋወጫ መደብር ነው። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለመሳሳት ቦታ የለም። ዋጋቸውን ስነግራቸው አጎቴ ወደ ብር መንዝረው ጸጥ አሉ። «ለወረቀት?» አሉ ቆይተው።

እሳቸው ቢገርማቸው አይፈረድባቸውም። ልጅ ሆኜ ጋራዡ ውስጥ ጋስኬት ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከሱማሌ ተራ ያልተገኘ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ከካርቶን ይወለድ ነበር። ካርቶኑን በብረቱ ላይ ያነጥፉና መጀመሪያ የብሎኖቹን ቀዳዳ በመዶሻው ክብ ራስ ጠቅ ጠቅ አድርገው ይበሱታል፤ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት ቀዳዳ ብሎን ይሰኩበታል። ከዚያ ጠርዙን ተከትለው ቀስ እያሉ ይቀጠቅጡታል። መቀስ የለ፣ እርሳስ የለ፤ የሚቆርጠው የብረቱ የራሱ ጠርዝ ነው። አውራ ጣታቸው ከመዶሻው ፊት ፊት እየሄደ ወረቀቱን ይጫናል፤ አንድም ቀን ሲመቱት አላየሁም። ዙሩን ሲጨርሱ ትርፉ ወረቀት በራሱ ይወድቃል፤ ጋስኬቱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዩታል፣ ዘይት ያጠጡታል፣ ይገጥሙታል። በዚያ ካርቶን ስንት ታክሲ ስንት ዘመን ሠርቷል!

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶቼ ሳይነሡ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። የአንድ ወዳጄ ጋራዥ ነው፤ ግቢ ውስጥ ሞተር ከፍቼ ሌላ ደብዳቤ አልጠራም። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዟል፤ ይህ የግድ ነው፤ የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ነው፤ ክዳኑ ከተከፈተ ደግሞ ሳይለኩት መክደን ስንፍና ነው። ዋናው መቆሚያ ላይ አቆምኳት። የጎን መቆሚያው ወደ ግራ ስለሚያዘነብላት ዘይቱን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሰበስበዋል።

ክዳኑን የሚይዙት መካከል ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዳዶና ከጎን ያሉ ሁለት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው። ተፈቱ፤ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አላለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ካቻቢቴ ይሰካና ይፈለቅቃል፤ አሉሚኒየሙ ይጫራል፣ በዚያ ጭረት ዘይቱ ለዘላለም መንገድ ያገኛል። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ አደረግኩት፤ ለቀቀ። ውስጡ ያቆረው ዘይት ከሥር ያስቀመጥኩት ሳህን ውስጥ ተደፋ።

አሮጌው ጋስኬት ሲነካ ተሰባበረ። ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ቴስታታው ላይ ቀርቷል። በላዩ ደግሞ ጥቁር ሲሊኮን ተለድፎበታል፤ ከእኔ በፊት የነዳት ሰው የፈወሳት መስሎት ይሆናል። ሮከሮቹ ያሉበትን ክፍት ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ደፍኜ በእንጨት መፋቂያ መፋቅ ጀመርኩ። ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ትንሽ ታስለሰልሳለህ፣ ትፍቃለህ፣ ትጠርጋለህ፣ በጥፍርህ ዳብሰህ ታያለህ፤ ጥፍር የሚይዘው ነገር እስካለ ድረስ አላለቀም። ይህን ክፍል እወደዋለሁ። በሥራ ቦታዬ ቀኑን ሙሉ ማንም የማያነበው ሪፖርት እሞላለሁ፤ እዚህ ግን ብረቱ ሲጠራ በዓይኔ አያለሁ።

ከጠራ በኋላ ክዳኑን በመስተዋት ላይ ደፋሁትና በወዲያኛው በኩል ባትሪ አበራሁ። በቀኙ ክዳን ብርሃን አላለፈም። በግራው፣ በአንዱ ትንሽ ዳዶ አጠገብ ቀጭን የብርሃን ክር ታየች። የቀድሞው ባለቤት ዘይቱ ሲያስቸግረው ዳዶውን በኃይል እየጠመዘዘ ክዳኑን አጣሞታል። ይጠብቃል፣ ያፈሳል፤ ደግሞ ይጠብቃል፣ ይብሳል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስተዋቱ ላይ አንጥፌ፣ ውኃ አርከፍክፌ፣ ክዳኑን ስምንት ቁጥር እያስጻፍኩ ብርሃኗ እስክትጠፋ ድረስ አሸሁት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከታሸ አንዱ ጎን ይበላል፤ ስምንት ቁጥሩ ለዚያ ነው።

ከዚያ ወደ ቫልቮቹ። ሁለቱ ፒስተኖች ወደ ጫፍ የሚደርሱት አብረው ነው፤ የሚቃጠለው ግን በተራ ነው። አንዱ ለማቃጠል ሲዘጋጅ የሌላው ቫልቮች ሥራ ላይ ናቸው። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ነቅዬ፣ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቼ፣ የኋላ ጎማውን በእጄ እያዞርኩ በግራ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ምልክቱ እስኪታይ ጠበቅኩ። የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.10 ሚሊ ሜትር፣ የማስወጫው 0.20 ነው፤ ማስወጫው የተቃጠለ ጋዝ ስለሚያልፍበት የበለጠ ይግላል፣ የበለጠ መፈናፈኛ ይፈልጋል። የመለኪያዋ ስስ ብረት ስትገባ ያዝ ለቀቅ ማድረግ አለባት። በግራው ማስወጫ ቫልቭ አልገባችም። ጠብቦ ነበር። ይህ ከዘይቱ ይልቅ አስደነገጠኝ፤ ዘይት ጫማ ያበላሻል፣ የጠበበ ማስወጫ ቫልቭ ግን መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን ማራገፍ አቅቶት ይቃጠላል፤ ድምፅም ስለማያሰማ አይታወቅም። አስተካክዬ፣ ማጥበቂያውን ካሰርኩ በኋላ ደግሜ ለካሁት፤ ሲታሰር መንቀሳቀስ ይወዳል። ጎማውን አዙሬ ሞተሩን ሙሉ ዙር ካስኬድኩት በኋላ ቀኙንም አየሁት፤ ደህና ነበር።

መግጠሙ ላይ ከአጎቴ ጋር ተጣላን። እንደገና ደውዬላቸው ነበር።

«ሲሊኮን ቀቢው እንጂ፤ ደረቁን ነው የምትገጥሚው?»

«ጋሼ፣ ይኸው ከውስጥ ያወጣሁትን ይዩ።» የሲሊኮኑን ትርፍራፊ በጣቴ ይዤ ካሜራው ፊት አቆምኩት። ክዳኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይገፋል፤ ተበጥሶ ዘይቱ ውስጥ ከገባ የዘይት ማስተላለፊያ ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል።

«እሱ ያበዛው ሰው ጥፋት ነው። እኔ ስቀባ በጣት ጫፍ ነው።»

«እርስዎ የቀቡትማ አያፈስም። እኔ ግን እርስዎን አይደለሁም።»

ሳቁ፤ አልተስማሙም። በክዳኑ በኩል ጋስኬቱን እንዲይዘው ስስ ግሪስ ቀባሁ፣ በቴስታታው በኩል ደረቁን ተውኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ሳይቀደድ ከክዳኑ ጋር ይወጣል፤ ሌላ ጠዋት ሙሉ መፋቅ አይኖርም። የመካከለኛውን ዳዶ በእጄ እስኪነካ አዞርኩ፣ ከዚያ ትናንሾቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት። በአጭር መፍቻ፣ በሁለት ጣት። ክንድ ከገባበት አበቃለት።

«አጥብቂው!» ይላሉ ከስልኩ ውስጥ።

«በቃው፣ ጋሼ።»

«እኔ ምን አገባኝ፤ ጫማው ያንቺ ነው» ብለው ዘጉት።

እሑድ ወደ ታኑስ ተራሮች ወጣሁ። ግሮሰር ፌልድበርግ 880 ሜትር ገደማ ነው፤ ለእንጦጦ ልጅ ተራራ ተብሎ አይነገርም፤ መንገዱ ግን ጠምዛዛ ስለሆነ የአካባቢው ሞተረኛ ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ከላይ ደርሼ ሞተሩ እንደጋለ በወረቀት መሐረብ የክዳኖቹን ጠርዝ አበስኩ። በቀኙ ምንም የለም። በግራው ክዳንም ምንም የለም። የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ከጭስ ማውጫው ቧንቧ ይመጣ የነበረው የተቃጠለ ዘይት ሽታም ጠፍቷል።

መሐረቡን ወደ ውስጥ፣ ከግራው ሲሊንደር ሥር ገፋ ሳደርገው ግን እርጥብ ሆኖ ወጣ። የመግፊያ ዘንጉ ቱቦ ጎማ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከመጀመሪያው ጀርባ ተሸሽጎ ኖሯል። ገና አይንጠባጠብም፤ ላብ ያህል ነው፤ ለምርመራው ያልፋል። ጎማውን በደንብ ለመቀየር ሲሊንደሩን ማውጣት ስለሚጠይቅ በረዶው ገብቶ መንዳት እስካቆም ድረስ አቆየሁት። ጎማዎቹን ከወዲሁ አዝዣለሁ። በሳህን የሰበሰብኩትን ዘይት ደግሞ ለዘይት ለውጡ ከማወጣው ጋር አዲሱን ወደገዛሁበት መደብር እመልሰዋለሁ፤ እዚህ አገር ዘይት የሸጠ ሁሉ የሸጠውን ያህል አሮጌ ዘይት ያለ ክፍያ የመቀበል ግዴታ አለበት። ደረሰኙን እንዳልጥል ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።