ጀርባ መሬት ሲነካ

ብራዚሊያን ጁጂትሱና ካች ሬስሊንግ ሁለቱም ሰውን ጥሎ፣ ክንዱን ወይም እግሩን ቆልፎ እጅ የማሰጠት ጥበብ ናቸው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ጀርባዬ ምንጣፉን ሲነካ ጁጂትሱ «ተረጋጋ» ይለኛል፤ ካች ደግሞ «ተነስ!» ይለኛል። ሰሞኑን ሥራ ላይ ሆኜ ሳይቀር የማስበው ይህንኑ ነው።

የምኖረው ማንችስተር ነው። በሳምንቱ መሃል ማታ ማታ ጁጂትሱ እሠራለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ካች ለመማር በባቡር ዊጋን እሄዳለሁ። ዊጋን ድሮ የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች። ከማዕድን ቆፋሪዎቿ መሃል ብዙ ኃይለኛ ታጋዮች ወጥተዋል። ቢሊ ራይሊ የሚባል የአገሩ ታጋይ የከፈተውና «ስኔክ ፒት» እየተባለ የታወቀው ጂም ደግሞ ዝናው ጃፓን ድረስ ዘልቋል። ካርል ጎችና ቢሊ ሮቢንሰን የሚባሉ ታጋዮች እዚያ ተምረው ነው ጃፓኖችን ያስተማሩት። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው ይህን ስፖርት ከባለቤቶቹ አፍ መማሬ ትልቅ ዕድል ነው እላለሁ።

ጁጂትሱን አይቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው በጀርባ ተኝቶ መጋጠም ነው። ጋርድ እንለዋለን። ተኝተህ እግሮችህን በባላጋራህ ወገብ ዙሪያ ትቆልፋለህ። በአንድ እጅህ የእጅጌውን ጫፍ፣ በሌላው ኮሌታውን ጨምድደህ ትይዛለህ። እሱ ከላይ ነው፤ ግን የትም አይሄድም። ቀና ልበል ሲል በጉልበቶችህ ወደ ደረትህ ትጎትተዋለህ። እጁን መሬት ላይ ካሳረፈ ክንዱ አደጋ ላይ ነው። አንገቱን ካሾለከ ማነቂያው ይጠብቀዋል። አንተ ትንፋሽህን ሰብስበህ እሱ እስኪሳሳት ትጠብቃለህ።

ይህ ትዕግሥት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከብራዚሊያን ጁጂትሱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤሊዮ ግሬሲ ቀጭን ሰው ነበር። ከሱ የሚከብድ ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ ሲጫነው ምን ማድረግ እንዳለበት ማሰብ ነበረበት። መልሱ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከቀድሞ ተማሪው ከቫልደማር ሳንታና ጋር ሲጋጠም ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ታግሏል። በመጨረሻ ቢሸነፍም ያን ያህል መቆየቱ ስለ ጁጂትሱ ብዙ ይናገራል። ልጁ ሮይስም እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የተለያየ የትግል ጥበብ ያላቸው ሰዎች በሚጋጠሙበት ውድድር፣ በአንድ ምሽት ሦስት ሰዎችን ያሸነፈው በዚሁ የቤተሰቡ ጁጂትሱ ነው።

ካች ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ የለህም። በካች ደንብ ሁለቱ ትከሻዎችህ መሬት ላይ ከተያዙ ተሸንፈሃል። ስለዚህ ተኝቶ መጠበቅ አይታሰብም። የዊጋኑ አሰልጣኛችን ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አዳራሹን ይሞላዋል። ለአፍታ በጀርባዬ ካረፍኩ ወዲያው ይጮሁብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ያሳዩን ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ከላይ ሆነው የክንዳቸውን አጥንት መንጋጋዬ ላይ አሳርፈው ፊቴን ወደ ጎን አዞሩት። ክብደታቸውን በሙሉ ደረቴ ላይ ጣሉት። ትከሻዎቼ ወደ ምንጣፉ መውረድ ጀመሩ። ከዚያ ለማምለጥ ወደ ጎን መዞር ግድ ነው። ዞርኩ። ስዞር ክንዴ ከሰውነቴ ተለየ። እሳቸው የሚጠብቁት ይህችኑ ነበር። የእጄን አንጓ ያዙ፣ ሌላኛውን ክንዳቸውን ከክንዴ በታች አሾልከው የራሳቸውን አንጓ ጨበጡ፣ ክርኔን ከጎናቸው አስጠግተው እጄን ወደ ጀርባዬ ጠመዘዙት። ትከሻዬ ገና መሳብ ሲጀምር እጅ መስጠቴን ለማሳወቅ ምንጣፉን መታሁ። ብቆይ በጀርባዬ እሸነፋለሁ፤ ብዞር ክንዴን አስይዛለሁ። ካች ማለት ለኔ ይህ ነው። ባላጋራህን በሁለት ክፉ ነገር መሃል ታስገባዋለህ፤ ከዚያ ራሱ መርጦ ይሰጥሃል።

ይህንኑ ቁልፍ በጁጂትሱው አዳራሽም በየሳምንቱ እንሠራዋለን። ኪሙራ እንለዋለን፤ ዊጋን ውስጥ ደብል ሪስትሎክ ነው የሚባለው። ጃፓናዊው የጁዶ ጌታ ማሳሂኮ ኪሙራ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1951 ሪዮ ማራካና ስታዲየም ውስጥ የኤሊዮን ክንድ የሰበረው በዚህ ነው። ኤሊዮ ክንዱ ተሰብሮም እጅ አልሰጠም፤ ሽንፈቱን ተቀብሎ ፎጣ የወረወረው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ቢሊ ሮቢንሰን ያሠለጠነው ካዙሺ ሳኩራባ የኤሊዮን ልጅ ሮይለርን እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው ቁልፍ አሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት ከሮይስ ጋር ቶኪዮ ዶም ውስጥ 90 ደቂቃ ታገሉ፤ ፎጣው አሁንም ከግሬሲዎች ወገን ተወረወረ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይመታል። የዊጋን ማዕድን ቆፋሪዎች ጥበብ በጃፓናዊ እጅ ከብራዚላዊ ቤተሰብ ጋር ተገናኘ።

ሌላውን ልዩነት ባጭሩ ልለፈው። ጁጂትሱ ቀበቶ አለው፣ ጃኬት ይለበሳል፣ አንገት ማነቅ ይወዳል። ካች ቀበቶ የለውም፣ ጨርቅ አይያዝም፣ አንገትን ከማነቅ ይልቅ መጠምዘዝ ይቀናዋል። ጁጂትሱ ውስጥ መጀመሪያ ቦታ ትይዛለህ፤ ለዚያም ነጥብ አለው፤ ጋርድ አልፎ ጎን መያዝ 3፣ ላይ መውጣት 4። ካች ውስጥ ሕመሙ ራሱ መንገድ ይከፍታል። ጎን አጥንትህ ላይ ክርን ሲያርፍ ወደፈለጉት አቅጣጫ ትሄዳለህ።

ታዲያ የቱ ይሻላል ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። ጀማሪ ከሆነ ጁጂትሱ ይጀምር። ትንሽ ሰው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው፣ ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እዚያ ቦታ ያገኛል። ፍርሃትህን ቀስ እያለ ያወጣልሃል። ካች በባሕርዩ ጉልበትና ትንፋሽ ይፈልጋል።

ጁጂትሱ ላይ ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ብዙዎቻችን መተኛት ለምደናል። ውድድር ላይ ቆሞ ከመታገል ይልቅ ቁጭ ብሎ ባላጋራን ወደ ጋርድ መሳብ እንደ ብልሃት ይታያል። በደንቡ ትክክል ነው። ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ትግል ስንገጥም ግን ጀርባው መሬት የነካ ልጅ ተሸነፈ፤ ሌላ ክርክር አልነበረም። ያ ስሜት ውስጤ አለ። ካች ቶሎ የገባኝም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ማታ ማታ ጁጂትሱ ስሠራ ከሥር ከገባሁ ጋርዱን ከመዝጋቴ በፊት ወደ ጎን ዞሬ፣ ክርኔን ተደግፌ፣ አንድ ጉልበቴን ከሥሬ አስገብቼ ለመነሳት እሞክራለሁ። ሲዞሩ ክንድን ከጎን አጣብቆ መያዝ እንደሚያስፈልግ ከዊጋኑ ሰውዬ ተምሬያለሁ። ካልሆነልኝ ተመልሼ ጋርዴን እዘጋለሁ፣ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ ከዚያ እንደገና እሞክራለሁ። የጁጂትሱው አሰልጣኛችን ይህን አይቶ ከክፍሉ በኋላ አስቀረኝና አነሳሱን ለሌሎቹም እንዳሳያቸው ጠየቀኝ። ሐሙስ አሳያቸዋለሁ።