ጊደር ናት እኮ!

ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር የዚያ የከብት ውድድር ዳኛ ድምፅ በማይክ ይመጣብኛል። ማይኩን ለሰጠው ሰውዬ ያዘጋጀሁት እርግማን አለኝ፤ ጾም ስለሆነ አቆይቼዋለሁ።

ጊደሬ ሸጊቱ እናቷ ፎገራ ናት፤ አባቷ ዘሩ በናይትሮጅን ዕቃ ታሽጎ የመጣ ሆልስታይን የሚባል የፈረንጅ ኮርማ ነው፣ በአካል አልተዋወቅንም። ጥቁርና ነጭ ሆና የጭራዋ ጫፍ ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። ነበር ነው የምለው።

ለውድድሩ ሁለት ወር ደከምኩ። በየጠዋቱ 12 ሰዓት በገመድ ይዣት የባሕር ዳሩን ሽምብጥ ሰፈር እዞራለሁ፤ ራሷን ቀና አድርጋ እንድትሄድ፣ ስትቆም ወገቧ እንዳይጎብጥ፣ ሰው ሲነካት እንዳትፈራገጥ። መንገደኛው ሁሉ "ስንት ትላታለህ?" ይለኛል። ሰኮናዋን ሞርጄ፣ የጆሮዋን ጠጉር አስተካክዬ፣ ባለቤቴ "ለእኔ አንድ ቀን ጠጉር አበጥረህልኝ ታውቃለህ?" እስክትል ድረስ በብሩሽ ፈተግኳት።

ዋዜማው ላይ ውሃ ጠፋ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ በመስኮት እያየኝ፣ ቧንቧዬ ያፏጫል። ሐይቁ ዳር ወስጄ ላጥባት ብል እምቦጩ ውሃውን አላስነካ አለኝ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ሌባና እኔ ብቻ ነን በዚያ ሰዓት ጀሪካን ይዘን የምንቆመው። ብቻ በሁለት ጀሪካን ገላዋን ጨረስኩና ለጭራዋ የቀረኝ ባልዲው ሥር ያለችው ብቻ ሆነች።

ነጭ ጠጉር እንዲያበራ፣ ነጠላ የሚነጣበትን ሰማያዊ ዱቄት ትንሽ በብዙ ውሃ በጥብጦ መንከር ነው። እኔ ዱቄቱን ለሙሉ ባልዲ ለካሁት፤ ውሃው ግን ሙሉ አልነበረም። ጭራዋን ነከርኩ። ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው፣ "አጎቴ፣ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ትንሽ ጎሎኝ ነበር" ይለኛል፤ የለኝም ለማለት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሌላ ጊደር ብትሆን ባልዲውን ረግጣ ታድነኝ ነበር። ሸጊቱ ግን የሠለጠነች ናት፤ ንቅንቅ ሳትል ጠበቀችኝ።

ጭራው ሲወጣ ባጃጅ ሆኗል። "ሰማያዊ ቢጤ" አይደለም፤ ሰሌዳ ብቻ የቀረው ባጃጅ! በአጃክስ አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፤ እንዲያውም የበለጠ አበራ። በረኪና ሳነሳ ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ጠጉሩን ልታነሳላት ነው?" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ጠዋት ስንወጣ ማዞሪያው ላይ አንዱ ባለባጃጅ ክላክስ ነፍቶ "እሜቴ፣ ተራ ያዢ!" አላት። ሸጊቱ ጭራዋን ወዘወዘችለት።

ሜዳው ላይ ዳኛው ከፊት ጀመረ። ወገቧ ቀጥ ያለ ነው አለ፣ ዳሌዋን አመሰገነ፣ ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጡቶቿን አየ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ። ዝም አለ። ጭራውን በእጁ ያዘ፣ ጠጉሩን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገ፣ ጣቶቹን አየ፣ እኔን አየ። ቀጥሎ ማይኩን አነሳ።

"ላም አለኝ በሰማይ እያልን አደግን፤ ይኸው ዛሬ ላሟ ራሷ ሰማያዊ ሆና ወረደች!"

ሜዳው ተናጋ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ዝም ብዬ ብስቅ ያልፍ ነበር። ግን ሁለት ወር ሙሉ በጠዋት ተነስቼ፣ አንድ የእንስሳት ዳኛ ነኝ የሚል ሰው ላምና ጊደር አይለይም? ያልወለደች ላም አለች? ጡቷን ጎንበስ ብሎ አይቶ የለም? ደሜ ፈላና፣

"ጊደር ናት እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

ማይኩ አፌ ሥር ነበር።

ደረጃ አልወጣንም። ሰፈር ስገባ ልጆቹ "ጊደር ናት!" እያሉ አጀቡኝ፤ አሁን ስሜ እሱ ሆኗል፣ ባለሱቁ ሳይቀር ዱቤ መዝገቡ ላይ እንደዚያ ብሎ ጽፎኛል። ጭራው በሁለት ዝናብ አልለቀቀም።

ትናንት ደግሞ አንድ ነጋዴ ደወለ። ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ይመስላል፣ አነጋገሩ የረጋ። "ያቺ ጭራዋ ሰማያዊ የሆነችው ላም የእርስዎ ናት?" አለኝ።

ዘጋሁበት። ላም አለኛ!