የጅብ ጥላ ለቀማ፦ የተሸወድኩበትና የተማርኩበት

ሐረር ላይ ስለ ጅብ የማያወራ የለም። እኔ ግን ሦስት ክረምት የጅብ ጥላ ሳሳድድ ነው የከረምኩት። እንጉዳይ ማለቴ ነው፤ ሆቴል ሲቀርብ እንጉዳይ፣ ጫካ ሲበቅል የጅብ ጥላ።

የመጀመሪያው ክረምት ብላሽ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናብ አባርቶ ሐኪም ተራራ ወጣሁና ቀይና ቢጫ ያየሁትን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስሙን ልፈልግ ስል አንዱንም መለየት አቃተኝ፣ ለካ ሁሉንም ያነሳሁት ከላይ ነው፤ መለያው ደግሞ ያለው ከቆቡ ስር ነው። እንደ መጽሐፍ የተደረደሩ ስስ ገጾች ናቸው ወይስ ጥቃቅን ቀዳዳዎች? የስልኩ መተግበሪያም አላዳነኝም፣ ለአንዱ እንጉዳይ ሦስት ስም ሰጠኝ።

በጣም የኮራሁበት ደማቅ ብርቱካንማ ነበር። የደረቀ ግንድ ላይ የተለጠፈ፣ እንደ ቆዳ የጠነከረ። ስሩን ሳየው ቀዳዳ ብቻ ነው። ፒክኖፖረስ ይባላል። ቢቀቅሉትም የሚታኘክ አይደለም።

ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሕግ «ቀይ መርዝ፣ ነጭ ሰላም» ነው። ገደል የሚከት ሕግ! ሰው በመግደል ስሙ የገነነው አማኒታ ፋሎይደስ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ነጭ ነው፤ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም፣ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ተሻለኝ ሲሉ ጉበት ይያዛል። ቀለም ራሱ አይታመንም። ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ኩይሳ አጠገብ አንድ ገበሬ አገኘሁ። የቆረጥኩትን አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ቆፍረህ አየኸው?» አሉኝ። አልቆፈርኩም። በጣታቸው አፈሩን እየገፉ ሌላውን ሲያወጡት እግሩ እየቀጠነ ወደ ምስጡ ቤት ቁልቁል ይወርዳል። ይሄን ምስጡ ራሱ ነው የሚያለማው፣ የሚበላ ነው። «ያንተን ግን ለጅቡ ተውለት» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በቢላ ከሥሩ ሳላነሳ አልነካም፣ ምክንያቱም የአማኒታ መለያ የሆነችው ከሥሩ ያለችው ከረጢት ሲቆረጥ አፈር ውስጥ ነው የምትቀረው። ፌስታልም ትቻለሁ፣ ያልበውና ይበሰብሳል፤ የወረቀት ከረጢት ይሻላል።

ያተረፈኝ ግን የስፖር፣ ማለትም እንጉዳዩ የሚራባበት ብናኝ፣ አሻራ ነው። እግሩን ቆርጦ ቆቡን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ወረቀት ላይ መድፋት (ነጭ ስፖር ነጭ ላይ አይታይማ)፣ በስኒ ሸፍኖ ማሳደር፣ በቃ። አንድ ቀን ሣር ላይ ትልቅ ነጭ፣ ቡናማ ቅርፊት ያለው አገኘሁ። ገጾቹ ነጭ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ እውነቱን ለመናገር ሽንኩርቱን መክተፍ ጀምሬ ነበር። እስቲ ይደር ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስኒውን ሳነሳ ወረቀቱ አረንጓዴ! ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ ነው፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በትውከትና በተቅማጥ የሚያጣድፍ። ገጾቹ ገና ለጋ ሲሆን ነጭ ናቸው፣ እኔም በዚያ ነው የተሸወድኩት።

እናቴ ወረቀቱን አይታ ስለ እኔ አልደነገጠችም። «በቡና ስኒዬ!» ነው ያለችው። አሁን የእኔ ስኒ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት፣ ከረከቦቱ ርቆ መስኮት ላይ ይቀመጣል።