«ድንጋዬ የለም»

ሥራዬ ቤተሰቦችን ይዞ ሃይኪንግ መውጣት ነው። ብዙ ሰው ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ገደል የለ፣ ገመድ የለ። ኮረብታ፣ ወንዝ፣ ሣር፣ የልጆች ጫጫታ። እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ቅዳሜ አራት ቤተሰብ ይዤ የወጣሁበት ቀን ነው ሐሳቤን የቀየረው።

ልጆቹ ሰባት ነበሩ። ትልቁ 12 ዓመቱ፣ ትንሿ ገና 6 ዓመቷ። እኔ ከፊት እመራለሁ፣ ባልደረባዬ ከኋላ ሆና ማንም እንዳይቀር ታያለች። መንገዱ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ከኮረብታው አናት፣ ከመኪና ማቆሚያው ተነስቶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ወንዙን በድንጋይ መረማመጃ ይሻገርና ማዶ ያሉትን ኮረብታዎች ዞሮ በዚያው መረማመጃ ይመለሳል። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ መኪናው ጋ።

ሰዓቱን ያሰላሁት ማታ ቤቴ ተቀምጬ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ስሌት አለች፤ ዛሬም እንጠቀምባታለን። በኪሎ ሜትር ስትገለበጥ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ትሰጣለች። ኮረብታማ ቦታ ላይ ዳገት ያታልላል። ረጅም ተራራ አይታይህም፤ ግን 60 ሜትር ወጥተህ ትወርዳለህ፣ እንደገና 60 ትወጣለህ። ስደምረው 300 ሜትር መጣ። በስሌቱ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ለልጆቹ ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል ጨመርኩበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነስተን 7 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ነን አልኩ።

ልጅ ግን በኪሎ ሜትር አይሄድም። ከጥንዚዛ ወደ ዱላ፣ ከዱላ ወደ ኩሬ ነው የሚሄደው። መረማመጃው ላይ ብቻ 40 ደቂቃ ቆየን። ትንሿ ልጅ ድንጋዮቹን እየቆጠረች ተሻገረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «ይሄ የኔ ነው» አለች። አንድ ጎኑ አረንጓዴ የለበሰ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። አላቻኮልኳትም። አሁንም ቢሆን ማቻኮል ነበረብኝ አልልም፤ ጥፋቱ እዚያ ጋ አልነበረም። ልጅ ከቤት የሚወጣው ለእንደዚያ ዓይነቱ ድንጋይ ነው።

ተመልሰን መረማመጃው ጋ ስንደርስ 9 ሰዓት ሆኗል። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በወንዙ አናት በኩል ግን፣ ከሩቅ፣ ደመናው ሲጠቁር ቀደም ብዬ አይቼ ነበር። እኛ ጋ አይደርስም ብዬ ተውኩት። እውነትም ዝናቡ አልደረሰም። ውሃው ደረሰ።

ትንሿ ልጅ ቀድማን ሮጣ ዳር ላይ ቆማለች። ዞር አለችና «ጋሼ፣ ድንጋዬ የለም» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ውሃ ይንሸራተታል። ጠዋት ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ የጠራው ውሃ ቡናማ ሆኗል። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ይወርዳል። ድምፁም ተቀይሯል፤ ይንሿሿ የነበረው ያጉረመርማል። ልቤ ድንግጥ አለ።

ከአባቶቹ አንዱ ጫማውን መፍታት ጀምሮ ነበር። «ጉልበት እንኳ አይደርስም እኮ። ልጆቹን አንድ በአንድ አዝለን እናሻግራቸው» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ልቀበለው ነበር። መንገዱ ማዶ ላይ ይታያል፣ ልጆቹ ደክመዋል፣ ቀኑ እየሄደ ነው። ባልደረባዬ ምንም ሳትናገር አንድ ጭራሮ አነሳችና ልክ ውሃው የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ተከለችው። «አምስት ደቂቃ እንየው» አለች።

አምስት ደቂቃው ሳይሞላ ጭራሮው ውሃ መሃል ቆመ።

ለአባትየው ያወቅኩትን ነገርኩት። በፍጥነት የሚወርድ ደራሽ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ልጅ ያዘለ ሰው ደግሞ ክብደቱ ከላይ ነው፤ አንዴ ከተንሸራተተ ሚዛኑን አያገኘውም። አልተከራከረኝም። ጫማውን መልሶ አሰረ።

3 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ድልድይ አለ። ካርታው ላይ ማታ አይቼዋለሁ፣ ስሌቴ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ወደዚያ ሄድን። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ለሚጠብቁን ሰዎች እንዘገያለን ለማለት እንኳ አልቻልንም። ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር 11 ሰዓት ነበር።

ተራራ ስትወጣ ከባዱ ነገር መጀመሪያ ላይ ነው። ቢደክምህ ትዞራለህ፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ሸለቆ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት ልጆቹ እየሮጡ ይወርዳሉ፣ ሁሉም ጠንካራ ይመስላል። ዳገቱ የሚመጣው እግር ከዛለ በኋላ ነው። ትንሿ ልጅ ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። ወንዙ ዳር ካልሲዋ ርሶ ኖሯል። ደረቅ ካልሲ ቀየርንላት፣ የእኔን ሹራብ ደረብንላት። የልጅ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፤ አዋቂው ገና ላብ እያላበው ልጁ ይበርደዋል። አባቷ አዘላት። መኪናው ጋ ስንደርስ ጨልሟል። የእጅ ባትሪ የያዝነው እኔና ባልደረባዬ ብቻ ነበርን።

ሰኞ ቢሮ ተቀምጠን ስንገመግም አለቃችን አልተቆጡም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስንት ሰዓት ላይ ልትዞር ነበር የወሰንከው?»

መልስ አልነበረኝም። የምንደርስበት ሰዓት ነበረኝ፤ የትም ብንሆን ትተን የምንዞርበት ሰዓት አልነበረኝም። 6 ሰዓት ላይ ብዞር ኖሮ ድንጋዮቹን በደረቅ ጫማ ተሻግረን ነበር። ሁለት ኮረብታ ይቀርብን ነበር፤ ከልጆቹ አንዱም ልብ አይለውም።

አሁን ከትንንሽ ልጆች ጋር ስወጣ የናይስሚዝን ቁጥር ቢያንስ እጥፍ አደርገዋለሁ። የአየር ትንበያ ሳይ ወንዙ የሚነሳበትን አካባቢም አያለሁ። የመዞሪያውን ሰዓት ጠዋት ለሁሉም እናገራለሁ፣ ለልጆቹም ጭምር። ልጆች ከተነገራቸው ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ከወላጆቻቸው ቀድመው «ሰዓቱ ደረሰ» የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

ወንዝ ዳር ስንደርስ ደግሞ በዕድሜ ትንሹን ልጅ ጠርቼ አንድ ጭራሮ እሰጠዋለሁ። ውሃው ጠርዝ ላይ ራሱ ይተክለዋል። ስንመለስ ቀድሞን ሮጦ የሚያየው እሱ ነው።