የኮሪያው ዘማችና የገና ዱላቸው

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የዘመቱትን የሰፈራችንን አባት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ዕድሜያቸው ዘጠናን ካለፈ ቆይቷል፤ ከአልጋቸው ራስጌ የቆመው የገና ዱላ ግን፣ ቆልማማው ጫፉ ሩር ሲመታበት ኖሮ ቢላላጥም፣ እጀታው ዛሬም በቅቤ ወዝቶ ያብረቀርቃል። አንድም ወታደር ስላልተማረከበት ጦራቸው ብጠይቃቸው፣ የተራራውን ብርድና የወደቁትን ጓዶቻቸውን በአጭሩ አንስተው፣ ወዲያው ወደ ጃንሜዳው ጨዋታና በየማለዳው ይወጡት ወደነበረው የእንጦጦ ዳገት ተሻገሩ። «ልጄ፣ እኔን ያቆየኝ ሜዳው ነው» አሉኝ። ከሜዳሊያቸው ይልቅ ያከበርኩላቸው ይህንን ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሞት መካከል ወጥቶ፣ ከሰው ጋር እየሮጡና እየተጫወቱ ለመኖር መወሰን ትልቅ ጀግንነት ነው። ጉልበታቸው ከፈቀደ፣ ለመጪው ገና ጃንሜዳ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።