ስቶሪ የማን ነበር? ስለ ግዙፎቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፈጠራና ኩረጃ

በበዓል ሰሞን ዋትስአፕን ስከፍት በዘመድ አዝማዱ ፎቶ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ተደርድሮ አገኛለሁ። ከዋሽንግተን የተለቀቀ የድፎ ዳቦ ፎቶ፣ ከዱባይ የተለቀቀ የቡና ቪዲዮ፣ ከአዲስ አበባ የተለቀቀ የአደይ አበባ ምስል ይኖርበታል። ወደ ኢንስታግራም ብሻገር ያው ቀለበት ቀለሙን ለውጦ ይጠብቀኛል፤ ፌስቡክም አለው፤ ቴሌግራምም በ2023 አስገብቶታል። የሁሉም መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው፤ የተለጠፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ ከእይታ ይጠፋል። ይህን ሐሳብ ግን ከአራቱ አንዳቸውም አላመነጩትም። በኦክቶበር 2013 «ስቶሪስ» ብሎ ለተጠቃሚዎቹ ያቀረበው ስናፕቻት ነው (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ግዙፎቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይፈጥራሉ ወይስ ይኮርጃሉ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህን ታሪክ አነሳለሁ፤ ምክንያቱም ኩረጃው የተፈጸመው በአደባባይ ነው፣ ኮራጁም አልካደም። ፌስቡክ በመጀመሪያ፣ በዲሴምበር 2012፣ የስናፕቻትን የሚጠፉ መልእክቶች የሚመስል «ፖክ» የተባለ መተግበሪያ አወጣ፤ የተጠቀመበት ሰው ጥቂት ነበር። በ2013 ስናፕቻትን በ3 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት እንደጠየቀ ተዘገበ፤ የስናፕቻት ባለቤቶችም እምቢ አሉ። በኦገስት 2016 ደግሞ ንብረቱ በሆነው በኢንስታግራም በኩል «ስቶሪስ»ን አወጣ። ስሙን እንኳ ለመቀየር አልደከመም። በወቅቱ የኢንስታግራም ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ኬቨን ሲስትሮም ሲጠየቅ ምስጋናው በሙሉ የሚገባው ለስናፕቻት እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። እኔ በበኩሌ ይህን መልስ አከብረዋለሁ፤ የተኮረጀውን ሁሉ «አብዮታዊ ፈጠራ» ብሎ በመድረክ ላይ ከሚያስጨበጭብ ኩባንያ፣ ወሰድኩ የሚለው ይሻላል።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። ስናፕቻት በ2016 የመጨረሻ ሩብ ዓመት በቀን በአማካይ 158 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ነበሩት። የኢንስታግራም ስቶሪስ ግን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 2017፣ በቀን 200 ሚሊዮን ተጠቃሚ እንደደረሰ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይም ዋትስአፕ ተመሳሳዩን «ስቴተስ» በሚል ስም አስገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ኢንስታግራም ያሸነፈው የተሻለ ሐሳብ ስለነበረው አልነበረም፤ ሐሳቡ ያው ነው። ያሸነፈበት አንዱ ምክንያት ሰዎች ወዳጆቻቸውንና ተከታዮቻቸውን ቀድመው እዚያ መሰብሰባቸው ነው፤ አዲስ መተግበሪያ ማውረድ፣ ወዳጅን አንድ በአንድ መፈለግ፣ ማግባባት ሳያስፈልግ ቀለበቱ ከላይ ብቅ አለ። ሌላው ምክንያት ግን የስናፕቻት የራሱ ጥፋት ነው። መተግበሪያው ለረጅም ጊዜ በዋናነት ለአይፎን የተሠራ ሲሆን በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይዘገይና ይንተባተብ ነበር፤ ኩባንያውም አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሲዘጋጅ በአንድሮይድ በኩል ችግር እንዳለበት በሰነዱ አምኗል። አብዛኛው ሰው ቴክኖን ወይም መካከለኛ ዋጋ ያለውን ሳምሰንግ በሚይዝበት እንደኛ ባለ አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ኮራጁ ሐሳቡን በርካሽ ስልክ ላይ እንዲሠራ ካደረገው፣ ለዚህ ተጠቃሚ የሰጠው ነገር አለ፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ታዲያ ግዙፎቹ ከቶ አይፈጥሩም ማለት ነው? ይፈጥራሉ፤ እንዲያውም የዘመናችን ትልቁ ፈጠራ ከአንዱ ቤት ነው የወጣው። ዛሬ ቻትጂፒቲን የመሰሉ ሥርዓቶች የቆሙበትን «ትራንስፎርመር» የተባለ አሠራር በ2017 በጥናታዊ ጽሑፍ ያቀረቡት በጎግል የሚሠሩ ስምንት ተመራማሪዎች ናቸው። አሠራሩ ባጭሩ፣ የአንድን ጽሑፍ ቃላት በቅደም ተከተል አንድ በአንድ ከማለፍ ይልቅ እያንዳንዱ ቃል ከሌሎቹ ጋር ያለውን ዝምድና በአንድ ጊዜ እንዲመዝን ያደርጋል፤ ይህም ሥልጠናው በብዙ ማቀነባበሪያዎች ላይ ጎን ለጎን እንዲካሄድ አስቻለ። ሆኖም በኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ያቀረበው ኦፕን ኤአይ ነበር። ጎግል በጥድፊያ ተመሳሳዩን «ባርድ»ን ያስተዋወቀው በፌብሩዋሪ 2023 ነው፤ በዚህም ከራሱ ላቦራቶሪ በወጣ ሐሳብ የሌላውን እግር ተከታይ ሆነ። ስምንቱም ጸሐፊዎች በየተራ ኩባንያውን ለቀዋል፤ አንዱ በ2024 ተመልሷል።

ይህ የሆነው በመሐንዲሶቹ ድክመት አይደለም። የጎግል ገቢ በአመዛኙ የሚመጣው ሰው ጥያቄ ጽፎ የውጤት ዝርዝር ሲያይና በመካከሉ ያለውን ማስታወቂያ ሲጫን ነው። መልሱን በአንድ አንቀጽ አዘጋጅቶ የሚሰጥ ማሽን ይህን ገበያ ሊነካበት ይችላል፤ ስህተት ቢናገር ደግሞ የሚጎዳው የትልቁ ኩባንያ ስም ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተፈጠረው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ የሚያጣው የሌለው ትንሹ ኩባንያ ግን ይደፍራል። ትልቁ የሚንቀሳቀሰው ሌላው ደፍሮ ገበያ መኖሩን ካሳየው በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚያደርገው ነገር ከውጭ ሲታይ ኩረጃ ይመስላል። ዜሮክስም በ1970ዎቹ በፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከሉ መስኮት፣ ምልክትና ማውስ ያለውን ኮምፒውተር ሠርቶ ሳለ፣ ገበያውን ያገኙት በ1979 ማዕከሉን የጎበኙት የአፕል ሰዎችና በኋላም ማይክሮሶፍት ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ እንግዲህ መኮረጁ አይደለም። አፕል በ2011 ከላይ ወደ ታች የሚሳበውን የማሳወቂያ መጋረጃ ሲያስገባ አንድሮይድ ከቀደመው ዓመታት አልፈው ነበር፤ ማንም አልተጎዳም፤ የአይፎን ተጠቃሚም ተገላገለ። የሚያሳስበኝ ኮራጁ የቆመበት ቦታ ነው። ፌስቡክ በ2013 ኦናቮ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ገዛ። ኦናቮ ለተጠቃሚው የኢንተርኔት ግንኙነቱን የሚጠብቅለት መስሎ የሚቀርብ የቪፒኤን መተግበሪያ ነበረው፤ በዚያው መንገድ ሰዎች የትኛውን ሌላ መተግበሪያ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ይነግር ነበር። የብሪታንያ ፓርላማ በዲሴምበር 2018 ይፋ ባደረጋቸው ሰነዶች ውስጥ የዋትስአፕን ዕድገት የሚያሳይ የኦናቮ መረጃ ይገኛል፤ ዋትስአፕ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። ማርክ ዙከርበርግ ገና በ2008 በጻፈው የኢሜይል መልእክት ከመፎካከር መግዛት እንደሚሻል መግለጹም በኋላ በፍርድ ቤት ሰነድ ወጥቷል። የተፎካካሪን ዕለታዊ እንቅስቃሴ እያዩ፣ የሚያድገውን እየለዩ፣ እሺ ያለውን መግዛት፣ እምቢ ያለውን መቅዳት፤ ይህ ከገበያ ፉክክር ይልቅ የጎረቤትን ማሳ በአጥር ቀዳዳ እያዩ ከመዝራት ጋር ይቀራረባል።

ዙከርበርግ በጁላይ 2020 በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ስለ ኩረጃ ሲጠየቅ፣ ሌሎች ቀድመው የጀመሯቸውን ነገሮች ኩባንያው ለራሱ ማስማማቱን አምኗል። በሚቀጥለው ወር፣ በኦገስት 2020፣ ኢንስታግራም ቲክቶክን የሚመስለውን «ሪልስ» አወጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ፌስቡክ ተፎካካሪዎቹን በመግዛት የገበያ የበላይነቱን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ሲል ከሰሰው።

የክሱ ውሳኔ ነው ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው። ኮሚሽኑ ገበያውን የወሰነው ሰዎች ከወዳጅና ከቤተሰብ ጋር በሚገናኙባቸው መተግበሪያዎች ስለነበር ቲክቶክና ዩቲዩብ ከስሌቱ ውጭ ነበሩ። ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ግን በኖቬምበር 2025 ለሜታ (የፌስቡክ ኩባንያ አሁን የሚጠራበት ስም ነው) ፈረዱ፤ ተጠቃሚው በፌስቡክና በኢንስታግራም ላይ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ከማያውቃቸው ሰዎች የመጡ አጫጭር ቪዲዮዎችን በማየት በመሆኑ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እውነተኛ ተፎካካሪዎች ናቸው፣ ሜታም ዛሬ ሞኖፖሊ እንደሆነ አልተረጋገጠም ብለው ነው። ኩባንያው ቲክቶክን ለመምሰል ባይሠራ ኖሮ ይህን መከራከሪያ በዚህ ጥንካሬ ማቅረብ መቻሉን እጠራጠራለሁ። ስናፕቻት በበኩሉ በኖቬምበር 2020 «ስፖትላይት» በሚል ስም የራሱን ቲክቶክ አከል አጫጭር ቪዲዮዎች ገጽ ከፍቶ፣ ቪዲዮ ለሚሠሩለት ሰዎች በቀን 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያከፋፍል አስታውቆ ነበር።