ተዘቅዝቃ ያላወቅኋት አክስቴ

ባለፈው እሑድ የቆዩ ፎቶግራፎችን ከካርቶን ሳወጣ አንዱ ተዘቅዝቆ እጄ ገባ። ነጠላ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት መሆኗን፣ ዓይኗንም ከንፈሯንም በደንብ አያለሁ፤ ማንነቷ ግን አልመጣልኝም። ፎቶውን ሳቃናው ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።

አፈርኩ፤ ነገር ግን ሮበርት ዪን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ የቤትም ሆነ የአውሮፕላን ሥዕል ሲዘቀዘቅ ለመለየት ቢያስቸግርም የፊትን ያህል የሚያስቸግር የለም። አንጎላችን ፊትን የሚያነበው ዓይንን ለብቻ፣ አፍን ለብቻ እየለቀመ ሳይሆን በመካከላቸው ካለው ርቀትና አቀማመጥ ጋር እንደ አንድ ነገር አድርጎ ነው፤ ፊቱ ሲዘቀዘቅ ይህ ንባብ ይፈርሳል። ሌላው ተመራማሪ ፒተር ቶምሰን በ1980 የያኔዋን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸርን ፎቶ ወስዶ ዓይኖቿንና አፏን ብቻ ቆርጦ ገለበጣቸው። ፎቶው ተዘቅዝቆ ሲታይ ይህ ነው የሚባል ጉድለት አይታይበትም፤ ሲቃና ግን ያስደነግጣል።

በ1997 የአንጎል ተመራማሪዋ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ ከሌሎች ዕቃዎች ይልቅ ለፊት አብልጦ የሚሠራ ቦታ በአንጎል የታችኛው ክፍል መኖሩን አንጎል ሲሠራ በሚያሳየው በኤፍ.ኤም.አር.አይ. ምስል አሳዩ፤ በብዙ ሰዎች ዘንድ በቀኝ በኩል ያለው ይበረታል። ሥራውን ሁሉ ለዚህ አንድ ቦታ መስጠት ግን ማጋነን ይመስለኛል፤ ስምን፣ ትዝታንና ስሜትን ከፊቱ ጋር የሚያገናኙት ሌሎች ክፍሎች ናቸውና።

ይህ ሥርዓት ሲታወክ የሚከተለውን ችግር ጀርመናዊው ሐኪም ዮአኪም ቦዳመር በ1947 ፕሮሶፓግኖሲያ ብሎ ሰየመው። ችግሩ ያለበት ሰው ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚያውቀውን ፊት መለየት ያቅተዋል፤ አብሮት የሚወለድም አለ። ሰላምታ መንፈግ እንደ ንቀት በሚቆጠርበት አገራችን ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም። የአጎቴ ልጅ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ «ኮራብን፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል» ያላለው ዘመድ የለም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት የሚስቱ እህት ጥቁር ተከናንባ ፊት ለፊቱ ብትቆም እንደ እንግዳ አንገቱን ደፋ አድርጎላት አለፈ፤ ያወቃት «አንተ!» ብላ ስትጣራ በድምጿ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ቦታ ሲሄድ በሩ አጠገብ ይቀመጥና የገባው ሰው እስኪናገር ይጠብቃል።